ብርጭቆውና ሰውዬው

ዕቃ በውስጡ የያዘውን ነገር ይለውጠዋል ወይስ አይለውጠውም? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ ለክርክር የሚበቃ አይመስልም። ውሃ በእንስራ ተቀዳ በጀሪካን ያው ውሃ ነው። ማር በቅል ተቀመጠ በጠርሙስ ማርነቱን አይተውም። አስተዋይ ሰው ይዘቱን ይመለከታል፤ ቅርፊቱን አይቶ የሚፈርድ ሞኝ ነው ሲባል ሰምተናል፤ ራሳችንም ብለን እናውቃለን።

እስቲ ግን ይህን እምነታችንን እንፈትነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቡናው ከተንከሸከሸ በኋላ አቦሉ በቆርቆሮ ጣሳ ቢቀርብልን ምን እንላለን? ጠጅ ቤት ገብተን አሳላፊዋ ጠጁን በሻይ ኩባያ ብታመጣልንስ? ቡናው ያው ቡና፣ ጠጁም ያው ጠጅ ነው። ሆኖም ከመካከላችን ቅር የማይለው ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። አንዳንዱ እንዲያውም «ጣዕሙ ተለየብኝ» ብሎ ይምላል። በአፋችን «ዕቃ ምን ያደርጋል?» እያልን በልባችን ግን ለዕቃ ትልቅ ቦታ እንሰጣለን ማለት ነው።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ ውስኪ ወዳጆች ስለ ብርጭቆ የሚያደርጉት ክርክር ነው። በከተማችን ግሮሰሪዎች ውስኪ የሚቀርበው አንድም በመለኪያ ነው፤ አንድም ከታች ወፈር ባለ፣ አፉ በሰፋ ብርጭቆ በበረዶ ነው። በውስኪ ጉዳይ አዋቂ ነን የሚሉት ግን ሁለቱንም አይወዱም። ለውስኪ የሚስማማው ብርጭቆ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለው ነው ይላሉ። ይህን የሰማ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው፣ «የጠገበ ሰው ወሬ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው፣ «ምክንያታቸው ምን ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ውስኪ ጠጡ ለማለት አይደለም፤ ባይጠጣ የሚሻል መጠጥ መሆኑ አያከራክርም። ነገሩ ግን ከመጠጡ አልፎ ወደ ሰው የሚሄድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ምክንያታቸው ይህ ነው። የስኮትላንድ ውስኪ በአገሩ ሕግ መሠረት ቢያንስ 3 ዓመት ከኦክ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ መቆየት አለበት፤ የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ከእንጨቱም፣ ከብቅሉም፣ አንዳንዴም ብቅሉ ከደረቀበት ጢስ የተገኙ ብዙ ዓይነት ሽታዎች በመጠጡ ውስጥ ይዋሃዳሉ። እኛ «ጣዕም» የምንለው ነገር አብዛኛው የአፍንጫ ሥራ ነው። ብርቱ ጉንፋን የያዘው ሰው የፋሲካው ዶሮ ወጥ እንኳ እንደ ገለባ የሚሆንበት ለዚህ ነው። አፈ ሰፊ ብርጭቆ ይህን ሁሉ ሽታ ወደ አየር ይበትነዋል። አፉ የጠበበው ብርጭቆ ግን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ያደርሰዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በስዊድን የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ደግሞ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግበት የጢስ ሽታ የሚሰጠው ቅመም ወደ ፈሳሹ ገጽ እንደሚወጣ በኮምፒዩተር ስሌት አሳይተዋል። አንዳንድ ጠጪ ከልማድ ብቻ የሚያደርገው ነገር ምክንያት ተገኘለት ማለት ነው።

ውስኪ ቀማሚዎች ለሥራቸው የሚይዙት ብርጭቆ ከስፔን የወይን ጠጅ ብርጭቆ የተወረሰ፣ እንደ አበባ እምቡጥ ወደ ላይ የሚጠብ ነው። ግሌንኬርን የሚባለው የስኮትላንድ ክሪስታል ሠሪ ድርጅት ይህንኑ ቅርጽ አሻሽሎ፣ እግሩን አሳጥሮ፣ ለማንኛውም ጠጪ እንዲመች አድርጎ ለገበያ ያወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ስኮትላንዶች ውስኪን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠጡ ኖረው ለራሱ የሚሆን ብርጭቆ የቆረጡለት ገና ትናንት ነው። የኛን ብርሌ ያየ ሰው በዚህ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን፣ የማሩንና የጌሾውን ሽታ አምቆ የሚይዝ ዕቃ ጠጃችን ካገኘ ቆይቷል። ብርሌውን ለጠጅ የመረጡት ሰዎች ስለ ሽታ ቅንጣት ያሰቡ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ያሰቡት ስለ ዝንብ ይሆናል። እጅ ግን አንዳንዴ ከአእምሮ ቀድሞ ያውቃል።

እስከዚህ ድረስ ዕቃ የያዘውን ይለውጣል የሚሉት ወገኖች የረቱ ይመስላል። ተጠራጣሪው ግን ዝም አይልም። «ጣዕሙን የለወጠው ብርጭቆው ሳይሆን የጠጪው ሐሳብ ቢሆንስ?» ይላል። ማስረጃም አያጣም። በ2001 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የቦርዶ ተመራማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ በሽታ አልባ ቀለም ቀይ አድርገው የወይን ትምህርት ለሚከታተሉ 54 ተማሪዎች አቀረቡ። ተማሪዎቹም መጠጡን ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። አፍንጫቸው ዓይናቸውን ተከትሎ ሄደ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችን አንድ ዓይነት ውስኪ በሦስት ልዩ ልዩ ክፍሎች አስቀመሰ። ሣር በለበሰው ክፍል የሣር ሽታው ጎላ፤ በቀይ ብርሃን በተዋበው ክፍል ጣፋጭነቱ በረታ፤ እንጨት በበዛበት ክፍል የእንጨት ጣዕሙ ተሰማ። ሰዎቹ የያዙት ብርጭቆና በውስጡ ያለው መጠጥ ግን ከክፍል ወደ ክፍል አልተለወጠም ነበር።

ታዲያ ይህ ምን ያስተምረናል? አንዳንዶች «ሁሉም ማታለል ነው» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ግን እንዲህ ባለው ፍርድ አልስማማም። ሰው የሚቀምሰው በምላሱ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅና ቅምሻ ሐሰት ነው ማለት የተለያዩ ናቸው። እናት ያበሰለችው ሽሮ የሚጣፍጠው ከእናት እጅ ስለመጣ ነው ብንል ጣዕሙን ሐሰት አናደርገውም። ጥያቄው ያለው ዕቃው ለምን ዓላማ ተመረጠ በሚለው ላይ ነው። አንዳንድ ውስኪ ቀማሚዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ሰማያዊ ብርጭቆ ይይዛሉ። ለምን ቢባል የመጠጡን ቀለም እንዳያዩ ነው፤ የስኮትላንድ ሕግ ውስኪን በካራሜል ማቅለም ይፈቅዳልና የቀለሙ መጥቆር የዕድሜው ምስክር አይሆንም። እነዚህ ሰዎች ዓይናቸውን የሚጋርድ ብርጭቆ የመረጡት እውነቱን ለማወቅ ነው።

ለእይታ ተብሎ የሚመረጥ ዕቃ ደግሞ አለ። ከጥንት ጀምሮ በብዙ ቤቶች ዘንድ የክብር ምልክት የነበረው ከባዱ ክሪስታል ውበቱን ያገኘው ከእርሳስ ማዕድን ነው። የእርሳስ ኦክሳይዱ መጠን 24 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ብርሃን ሲያርፍበት እንደ አልማዝ ያብረቀርቃል፤ ሲነካም እንደ ደወል ይጮኻል። መጠጥ በእንዲህ ያለው ጠርሙስ ለወራት ሲቀመጥ ግን እርሳሱ ቀስ እያለ ወደ መጠጡ እንደሚገባ ተረጋግጧል። ቡፌ ላይ ለእንግዳ ዓይን የተቀመጠው ውበት ውስጡን ይመርዛል። አንዱ ዕቃ መጠጡን ለማወቅ፣ ሌላው ባለቤቱን ለማሳየት ነው። ሁለቱም «ተስማሚ ብርጭቆ» ይባላሉ። ልዩነታቸው ከመስተዋቱ ሳይሆን ከመራጩ ልብ ላይ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ድምዳሜዬ ይህ ነው። ለመጠጡ የሚስማማውን ዕቃ መፈለግ በራሱ ከንቱነት አይደለም። አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት የደከመበትን ነገር በሚገባው ዕቃ መቀበል ለድካሙ ክብር መስጠት ነው። ጀበናዋን አሟሽታ፣ ሲኒዋን አጥባ በረከቦት ላይ የምትደረድር ሴት ይህን ከማንም መጽሐፍ አልተማረችም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ችግሩ ብርጭቆ ለመጠጥ ብቻ የሚመረጥ አለመሆኑ ነው፤ ለሰውም ይመረጣል።

አንድ ወዳጄ ከዋሽንግተን ሲመጣ 18 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ውስኪና ሁለት ለዚሁ የተሠሩ ብርጭቆዎች ይዞ መጣ። በቤቱ የተሰበሰብነው ስምንት ነበርን። በሁለቱ ብርጭቆዎች ቀድቶ አንዱን በዕድሜ ለሚበልጡን አዛውንት፣ ሌላውን ከመካከላችን ባለ ገንዘብ ለነበረው ሰው ሰጠ። ለቀረነው ስድስት ሰዎች የሻይ ብርጭቆ ደረሰን። አንዱ ቀልድ ቢጤ ጣል ሲያደርግ ወዳጄ ኮስተር ብሎ፣ «ስምንት ሰው አበላሽቶ ከሚጠጣው ሁለት ሰው በወጉ ቢጠጣው አይሻልም? መጠጡስ አያሳዝንም?» አለ። አዛውንቱ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እውነትክን ነው፤ ሽታው ሌላ ነው» አሉት። ቀጥለውም «እስቲ አንተም አሽተው» ብለው አጠገባቸው ላለው አቀበሉት። እሱም ለሚቀጥለው ሰጠ። ባለ ገንዘቡም የራሱን በሌላው ወገን አዞረ። ወዳጄ «ጋሼ፣ እርስዎ ይጠጡት እንጂ» ቢላቸው፣ «እጠጣለሁ፤ ማን ይቀድመኛል?» ብለው አሳቁን።

የወዳጄ ክርክር እንዲያው የሚጣል አልነበረም። ለነገሩ ጥራት የሚቆረቆር ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያነሣው ክርክር ነው። መልካም ነገር ለሁሉ ሲታደል ይሳሳል፤ ስለዚህ ጥቂቶች በሙሉነቱ ይያዙት የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲም፣ ቲያትር ቤትም፣ ቤተ መጻሕፍትም በዚህ ክርክር በራቸውን ዘግተው ያውቃሉ። የክርክሩ ድካም ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ብርጭቆዎች የተሰጡት አፍንጫቸው ለተመሰገነ ሰዎች አልነበረም። አንዱ ለዕድሜ፣ ሌላው ለገንዘብ ተሰጠ። ለዕድሜ የሚሰጠው ክብር በእኛ ዘንድ ማንም የማይከፋበት ነው። ሌላውን ግን ለመጠጡ ሲባል ነው ብሎ መሟገት አይቻልም። ጥራት የተጠራው ማዕረግን ለመሸፈን ነበር።

ማዕረግን በዕቃ መለካት ደግሞ በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ መንግሥቱ ግብር ጊዜ መኳንንቱ ቀድመው ይገባሉ፤ ሌላው ሕዝብ በየተራው ይከተላል፤ የጠጁም ጥራት እንደየማዕረጉ ይለያይ ነበር። ከዚህ የከፋም አለ። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተደርገው ረጅም ዘመን ኖረዋል። በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪዋ የሠራችው ጀበናና እንስራ ከሳሎን ሲገባ እሷ ግን ከደጅ ትቀራለች። ለቡናችን የሚስማማውን ዕቃ በእጇ የቀረጸችው ሴት ከዚያ ዕቃ ቡና ለመጠጣት አልተስማማችም ተባለ። ከዚህ የበለጠ ዕንቆቅልሽ ካለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ይህ የኛ ብቻ ኃጢአት አይደለም። በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ መንደሮች ሻይ ቤቶች ሁለት ዓይነት ኩባያ ያስቀምጡ ነበር። አንዱ ለሌላው ሕዝብ፣ ሁለተኛው «የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት ዳሊቶች ነው። ዳሊቱ ጠጥቶ ሲጨርስ ኩባያውን ራሱ ያጥባል። በ1950 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጹ ይህን ዓይነቱን መለያየት ሻረ። ልማዱ ግን ከሕጉ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በየመንደሩ መቆየቱ ተመዝግቧል። ሻዩ ከአንድ ጀበና የተቀዳ ነበር። ይዘቱን ብቻ የሚያይ ፈላስፋ እዚያ ሻይ ቤት ቢገባ «ሁሉም አንድ ዓይነት ሻይ ጠጡ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ምንኛ በተሳሳተ! ሰዎቹ የጠጡት ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ሻይ ጠጣ፤ ሁለተኛው ከሻዩ ጋር ውርደቱን ጠጣ።

እዚህ ላይ ወደራሳችን ቤት እንመለስ። በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች፣ የተማርን ነን በምንለው ሰዎች ቤት ጭምር፣ ሳሎን ውስጥ ያለው ቡፌ በተቆለፈ መስተዋቱ የእንግዳ ብርጭቆ ይዟል። ወደ ጓዳ ዘለቅ ሲሉ ደግሞ ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ጆሮዋ የተሸረፈ ኩባያ አለች። የሠራተኛዋ ናት። ማንም ሕግ አላወጣባትም። ሠራተኛዋ በገባች በመጀመሪያው ቀን «ይቺን ያዢ» ተባለች፤ በቃ። የቤቱን ብርጭቆ ሁሉ በየቀኑ አጥባ የምታደርቀው እሷ ናት። እጅዋ ያልነካው ብርጭቆ በቤቱ የለም። ከንፈርዋ እንዲነካው የተፈቀደለት ግን አንድ ብቻ ነው። ንጽሕና ነው ምክንያቱ የሚል ካለ እጅዋ ያጠበውን አምነን መጠጣታችንን ያስታውስ።

ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በሰው ቤት ሳህንና ኩባያ እንደተለየባቸው ሲያወጉ ሰምተን ደማችን ይፈላል። መፍላቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወሬውን የምንሰማው ሳሎን ተቀምጠን፣ የጓዳዋን ኩባያ በያዘች ልጅ ቡና እያስፈላን ከሆነ ቁጣችን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ወደ ባዕድ አገር የሚሄደው ቁጣ በኛ ጓዳ በኩል ማለፍ አለበት።

«ታዲያ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ዕቃ ካልጠጣ በደል ነው ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕፃን የመስተዋት ብርጭቆ አይሰጠውም። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋዊ ጆሮ ያለው ኩባያ ይሻላቸዋል። ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ሐኪም ባዘዘው ጊዜ ለራሱ ዕቃ ይለያል። መጠጥ የማይቀምስ እንግዳ ውሃው በንጹሕ ብርጭቆ ይቀርብለታል። እነዚህ ሁሉ ልዩነቶች ናቸው፤ በደል ግን አይደሉም። ታዲያ ድንበሩ የት ላይ ነው?

በእኔ እምነት መለኪያው ቀላል ነው። የልዩነቱን ምክንያት ለራሱ ለሰውዬው ፊት ለፊት ልንነግረው እንችላለን ወይ? ለአረጋዊው፣ «አባባ፣ ይህ ለአያያዝ ይመችዎታል» ብንላቸው አናፍርም፤ እሳቸውም ይመርቁናል። ለታመመው ወንድማችን ሐኪሙ ያለውን ብንነግረው ይገባዋል። ለጓዳዋ ልጅ ግን «ይህን ኩባያ ለብቻሽ የሰጠንሽ ከእኛ ስለምታንሺ ነው» ብሎ የሚነግር ማነው? ማንም የለም። ለዚህ ነው ነገሩ በዝምታ የሚፈጸመው። ኩባያው ራሱ ይናገራል፤ እኛ ግን የተናገርነው ነገር የለም እንላለን። ዕቃ የያዘውን ይለውጣል ወይ ብለን ለጀመርነው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ የሚገኝ ይመስለኛል። ዕቃ ቃል ነው። አፋችን ደፍሮ የማይለውን እጃችን በዕቃ ይለዋል።

ዕቃ ቃል ከሆነ ደግሞ መልካም ነገር ሊናገርም ይችላል። ስኮትላንዶች ከብርጭቆው በፊት ኩዌክ የሚሉት ዕቃ ነበራቸው። ገበታ መሳይ፣ ጥልቀት የሌለው ጽዋ ሆኖ በግራና በቀኙ ሁለት ጆሮ አለው። ሰጪው በሁለት እጁ ይሰጣል፤ ተቀባዩም በሁለት እጁ ይቀበላል። ጽዋው ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። የውስኪን ሽታ ለመሰብሰብ ከዚህ የባሰ ቅርጽ የለም፤ አፉ ከወለሉ ይሰፋል። የዘመኑ አዋቂዎች ቢፈትኑት ይወድቃል። ነገር ግን የተሠራው ለአፍንጫ አልነበረም። ሁለት እጅህ ጽዋውን ሲይዝ ጦር የሚይዝ እጅ አይተርፍህም። በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ የትኛው ብርጭቆ ይሻላል ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። ለብቻህ ከሆንክ፣ ነገሩን ማወቅ ከፈለግህ፣ አፉ ጠበብ ያለውን ያዝ፤ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርግበት፤ አትቸኩል። ከሰው ጋር ከሆንክ ግን የምትጠይቀው ጥያቄ ቅደም ተከተሉን ይለውጥ። በመጀመሪያ ሰዎቹን ቁጠር፤ ቀጥለህ ብርጭቆዎቹን ቁጠር፤ ስለ መጠጡ የምታስበው ከዚያ በኋላ ነው። ብርጭቆው ካልበቃ ወይ አዙረው፣ ወይ ሁሉም በሻይ ብርጭቆ ይጠጣ። ከመጠጡ ጥቂት ሽታ ቢጎድል ከማዕዱ ሰው አልጎደለም።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል። የጓዳዋ ኩባያ ግን ጆሮዋ ቢሸረፍም፣ ጠርዟ ቢነቃም ለዓመታት ዕቃ ሆና ታገለግላለች፤ ምክንያቱም የምታገለግለው ለመጠጥ ሳይሆን ለመለያ ነው። እስቲ አንባቢዬ፣ ዛሬ ማታ ወደ ጓዳ ብቅ ብለው ይመልከቱ። እንዲህ ያለች ኩባያ ካለች፣ ለምን ለብቻዋ እንደተቀመጠች ምክንያቱን ጮክ ብለው፣ ባለቤትዋ እየሰማች፣ ሊናገሩ ይችላሉ?